ፍሎስ ላድርግልሽ ስላት አልጋ ሥር ትገባለች፤ እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

የሳሪሷ እናት
ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሰላም እንዴት ናችሁ። ርዕሱ እኔኑ ያስቀኛል፣ ግን ከምሬ ነው የምጠይቀው።

ልጄ ስድስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ማታ ማታ ጥርሷን ትቦርሻለች። አንድም ቀን አልዘለልንም ብል ውሸት ይሆናል፣ ግን አብዛኛውን ቀን ትቦርሻለች። ባለፈው ወር ቆሎ ስትበላ በቀኝ በኩል "አመመኝ" አለች። አፏን አስከፍቼ በስልክ መብራት አየሁት። ምንም የለም፣ ነጭ ነው። ክሊኒክ ወሰድኳት፣ ራጅ ተነሳች። አራት ጥርሷ ተበልቷል ተባልኩ። አራት! ሁሉም መንጋጋዎቿ ላይ፣ ጥርስና ጥርስ በሚነካኩበት በኩል። ከላይ ሲያዩት አይታወቅም። ሁለቱ ተሞሉ፣ ሁለቱ ገና ጅምር ስለሆኑ እንከታተላቸው ተባለ። "እዚያ ብሩሽ አይገባም፣ የሚገባው ክር ነው" ብለው አንድ ፍሎስ አስያዙኝ። እንዴት እንደሚደረግ ግን ያሳየኝ የለም። እኔም አፍሬ አልጠየቅኩም። ለራሴም አድርጌ አላውቅማ።

ያን ዕለት ማታ ጀመርን። ጦርነት ጀመርን ብል ይሻላል። ሁለት እጄን አፏ ውስጥ ስከት ነከሰችኝ። ክሩ አልገባ ሲለኝ ገፋሁት፣ ድንገት ጧ ብሎ ገባና ድዷን መታው። ደማች። ደሙን መስታወት ላይ ስታየው ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ የፍሎሱን ዕቃ ስታየው አልጋ ሥር ትገባለች። አባቷ ደግሞ "ተያት በቃ፣ የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወልቃል" ይለኛል።

እናንተ ጋ እንዴት ነው? ደሙስ የጤና ነው? ስንት ዓመት ሲሞላቸው ነው ራሳቸው የሚችሉት?


ሐበሻዊት ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰኞ፣ ማታ 4፡15

አይዞሽ እህቴ። የመጀመሪያው ቀን የሁላችንም እንደዚያ ነው። የኔ ልጅ እንኳን "ና ፍሎስ እናድርግ" ስለው ተነስቶ ደነሰልኝ። ያ እጅን ግራና ቀኝ እያወናጨፉ የሚደነሰው አለ አይደል? ለነሱ ፍሎስ ማለት እሱ ነው። ክሩን ሳሳየው በጣም አዘነ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው። ሹሩባ ስትሠሪያት እንዴት ነው የምትቀመጡት? አንቺ ሶፋ ላይ፣ እሷ መሬት ትራስ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታሽ፣ በጉልበትሽ መሃል። ልክ እንደዚያ ተቀመጡ። ከዚያ ቀና በይ በያት፣ ጭንቅላቷን ጭንሽ ላይ ታስደግፋለች። አሁን አፏን ከላይ ነው የምታዪው። የላዩም የታቹም መንጋጋ ፍንትው ብሎ ይታይሻል።

ፊት ለፊት ቆመሽ ስታደርጊ የገዛ እጅሽ መብራቱን ይጋርደዋል፣ እሷም ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ አንቺ ትከተያታለሽ፣ ግድግዳ ጋ ስትደርሱ ለቅሶ ይጀመራል። ከኋላዋ ስትሆኚ መሸሻ የላትም፣ ግን ተያዝኩም አትልም፤ ሹሩባ ስትሠራ የለመደችው አቀማመጥ ነው። ለወንድ ልጄም ያው ነው የማደርግለት። ጠጉሩን ተሠርቶ አያውቅም፣ ግን የእህቱን እያየ ስላደገ "የኔ ተራ" ብሎ ይመጣል።

ሌላው፣ በአንድ ቀን ሁሉንም ጥርስ አትንኪ። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት የፊት ሁለቱን ብቻ ነው ያደረግኩለት፣ አንዴ ገብቶ አንዴ ወጣ፣ በቃ። ሳይጠብቀው ሲያልቅ "ይሄው ነው?" አለኝ። ይሄው ነው አልኩት። እንዲህ እንዲል ነበር የፈለግኩት።


ጋሽ ወይራ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡05

ልጆቼ፣ አትቆጡኝና የመሰለኝን ልበል። እኛ ስምንት ሆነን ነው ያደግነው። ጠዋት ስንነሳ ከግቢያችን ወይራ ወይም ክትክታ ቆርጠን፣ አኝከን፣ ፍቀን፣ ተጉመጥምጠን ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ሥጋ ሲገባብን በስንጥር ማውጣት ነው። ዛሬ 67 ዓመቴ ነው፣ ቁርጥ በራሴ ጥርስ ነው የምበላው።

አሁን የልጅ አፍ በክር መጎተት መጣ። ገበያ ለማግኘት ያመጡት ነገር ይመስለኛል። ደግሞ ራሳቸው አሜሪካኖቹ በ2016 ፍሎስን ከመመሪያቸው አውጥተውታል፤ ማስረጃ የለውም ተብሎ ዜና ሲሆን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እነሱ የተዉትን እኛ እናንሳ? ያውም ለሚወልቅ ጥርስ? ድሮ የወለቀውን ጣሪያ ላይ ወርውረን አዲሱን እንጠብቅ ነበር፣ መጣም።

ልጅቷን አታስለቅሷት ነው የምለው።


የልጆች ጥርስ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7፡50

ሰላም። የጥርስ ሐኪም ነኝ፣ አብዛኛው ሥራዬም ከልጆች ጋር ነው። ምሳ ሰዓቴ ላይ ስለሆንኩ ቢረዝምባችሁ ይቅርታ።

መጀመሪያ ጋሽ ወይራ፣ ያሉት ዜና ልክ ነው። በ2016 ፍሎስ ከአሜሪካ መንግሥት የአመጋገብ መመሪያ ወጥቷል። ጋዜጠኞች ማስረጃውን ሲጠይቁ፣ በብዙ ሰው ላይ ለረጅም ጊዜ የተሠራ ጠንካራ ጥናት አልተገኘም። ያ ማለት ግን እንደማይጠቅም ተረጋገጠ ማለት አይደለም፣ በቅጡ አልተጠናም ማለት ነው። ልጆችን በተመለከተ ደግሞ በ2006 የታተመ፣ የቀድሞ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ አለ። በትምህርት ቀናት ሁሉ የሠለጠነ ሰው ፍሎስ ያደረገላቸው ትንንሽ ልጆች፣ በአንድ ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ውስጥ ጥርሳቸው የመበላት ዕድሉ በ40 በመቶ ቀንሶ ነው የተገኘው። ፍሎራይድ፣ ማለትም ጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለውን ጥርስ የሚያጠነክር ማዕድን፣ ብዙም የማያገኙ ልጆች ነበሩ። በሦስት ወር አንዴ ባለሙያ ያደረገላቸው ልጆች ግን ጥቅም አላገኙም። ራሳቸው እንዲያደርጉ የተነገራቸው ታዳጊዎችም አላገኙም።

እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ክሩን ለልጁ ሰጥቶ "ሂድ አድርግ" ማለት አይሠራም። የሚሠራው የአዋቂ እጅ ነው፣ ያውም በየቀኑ። ስለዚህ እህቴ፣ ስንት ዓመት ሲሞላት ትችላለች ላልሽው፣ ብሩሹን ወደ ሰባት ስምንት ዓመት ላይ ደህና አድርጋ ትይዘዋለች፣ ፍሎሱን ግን አሥር ዓመት ገደማ እስኪሆናት አንቺ ነሽ የምታደርጊላት። እስከዚያ እሷ እየሞከረች ትለማመድ፣ አንቺ ትጨርሺዋለሽ።

አሁን "ይወልቃል" ስለሚባለው። የፊቶቹ በስድስት በሰባት ዓመት ይወልቃሉ፣ እውነት ነው። የወተት መንጋጋዎቹ ግን እስከ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለት ዓመት ይቆያሉ። ያንቺ ልጅ በእነሱ ገና አምስት ዓመት ታኝክባቸዋለች። የወተት ጥርስ ልባሱ ስስ ነው፣ ቀዳዳው ቶሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር ነው። በስድስት ዓመት ገደማ ከሁሉም ኋላ አራት አዳዲስ መንጋጋዎች ይወጣሉ። ምንም ሳይወልቅ ስለሚመጡ የወተት ይመስላሉ። ቋሚ ናቸው፣ ተተኪ የላቸውም። የተበላ የወተት መንጋጋ ጎን ለጎን ተጣብቆባቸው ሲኖር እነሱም ከዚያው ጎን ይጀምራቸዋል።

ሥራሽን ላቅልልሽ። በዚህ ዕድሜ የብዙ ልጆች የፊት ጥርስ ክፍተት አለው፣ ብሩሽ ይገባበታል፣ ክር አያስፈልገውም። ክር የሚፈልገው ጥርሶቹ የተነካኩበት ቦታ ብቻ ነው። ባንቺ ልጅ ዋናዎቹ አራት ቦታዎች ናቸው፤ በሁለቱ የወተት መንጋጋዎች መሃል፣ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ። አዲሶቹ መንጋጋዎች በደንብ ሲወጡ አራት ይጨመራሉ። ከተለመደ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ክንድ የሚሆን ክር ቁረጪ፣ ከክርንሽ እስከ ጣትሽ ጫፍ ማለት ነው። አብዛኛውን በአንድ እጅሽ መሃል ጣት ላይ ጠምጥሚ፣ ትንሹን በሌላኛው። መሃል ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ ወጥረሽ ያዢ። ጥርሶቹ መሃል ስታስገቢ ወደ ታች አትግፊ፣ እንደ መጋዝ በቀስታ ወዲህ ወዲያ አድርጊው፣ ራሱ ይገባል። "ጧ" ያለብሽ ስለገፋሽው ነው። ከገባ በኋላ ክሩን አንዱ ጥርስ ላይ ጠምዝዢው፣ አንገት ላይ እንደሚጠመጠም ነጠላ ጥርሱን ይቀፈው። ከድዱ ጠርዝ ወደ ጥርሱ ጫፍ ሁለት ሦስቴ አብሺ። ከዚያ ጎረቤቱን ጥርስ። ብዙ ሰው ክሩን አስገብቶ ያወጣና ጨረስኩ ይላል። ምግቡ ይወጣል፣ ጥርሱ ላይ የለጠፈው ቆሻሻ ግን እዚያው ይቀራል። ጥርስ የሚበላው ደግሞ እሱ ነው።

ደሙ፣ ክሩ ድዷን መትቶት ካልሆነ፣ ድዱ አስቀድሞ ስለተቆጣ ነው። በቀስታና በየቀኑ ሲደረግ በአንድ ሁለት ሳምንት ይቆማል። ከዚያ ካለፈ አሳዪያት።

መፋቂያውን በተመለከተ ከጋሽ ወይራ ጋር አልጣላም። በደንብ የሚፍቅ ሰው የጥርሱን ፊት በደንብ ያጸዳል። ግን መፋቂያም እንደ ብሩሽ የተጣበቁ ጥርሶች መሃል አይገባም። ደግሞ ጋሼ፣ እርስዎ ልጅ በነበሩ ጊዜ በቀን ስንት ጊዜ ብስኩት ይበሉ ነበር? ጁስስ?


አባ ኪሩቤል
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ግን ያ መጠምጠም አልሆነልኝም። ጣቴ ወፍራም ነው፣ የልጄ አፍ ትንሽ ነው። ጣቴ ሰማያዊ ሲሆን እሱ ሳቀብኝ።

እኔ የምጠቀመው እጀታ ያለውን ነው፤ ባላ የሚመስል ፕላስቲክ፣ በሁለቱ ጫፍ መሃል ክር የተወጠረበት። አንድ እጅ ብቻ ነው የሚገባው፣ በሌላኛው ጉንጩን ትገፋለህ። እሱም ራሱ መያዝ ስለሚችል "እኔ ነኝ የማደርገው" ይላል። በየቀኑ ቀለም ይመርጣል። ትናንት አረንጓዴ ስላለቀ ተኳርፈን ነበር፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ጥያቄ አለኝ። በክሩ ያህል ያጸዳል? ደግሞስ አንዱን ሁለት ቀን ብጠቀምበት?


የልጆች ጥርስ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡55

ያጸዳል። ጥርሱን እንዲያቅፍ እጀታውን ወደ አንዱ ጥርስ ጫን፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው። ችግሩ ያችው አንዷ ክር ከጥርስ ወደ ጥርስ መሄዷ ነው፣ በየመሃሉ በውኃ አለቅልቃት። ለሁለተኛ ቀን አታቆየው፣ ክሩ ይላላል፣ ይተለተላልም። ያልተደረገ ፍሎስ ከምንም አይቆጠርም፣ ስለዚህ በሚመችህ አድርግ።

ክሩን ለሚመርጥ ደግሞ፣ የክሩን ሁለት ጫፍ ቋጥሮ ቀለበት ማድረግ ይቻላል። መጠምጠም ይቀራል፣ ትንንሽ ጣቶችም ይይዙታል።


እናት ከነታንያ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡20

እኔ ከእስራኤል ነኝ። እዚህ ልጆች እስከ 18 ዓመታቸው የጥርስ ሕክምናቸውን በጤና መድኑ ነው የሚያገኙት፣ ስለዚህ በየጊዜው ሺናኒት ጋ እንሄዳለን፣ ጥርስ የምታጸዳዋ ማለት ናት። የመጀመሪያ ቀን ልጄን ትታ ወደ እኔ ዞረችና "አንቺ ታደርጊያለሽ?" አለችኝ። ዝም አልኩ። "እንግዲያ ካንቺ እንጀምር" ብላ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። ልጄ እያየች ሳቀች፣ ፍርሃቷም እዚያው ቀረ። አሁን ሁለታችንም ማታ መስታወት ፊት ነን። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄን ሞክሪው የሳሪሷ።

ለምን እንደሚደረግ ለማስረዳት ደግሞ ቤት ውስጥ አንድ ዘዴ አገኘሁ። ሁለት ጣቴን አጥብቄ ገጠምኩና ሽሮ ቀባኋቸው። ብሩሽ ሰጠኋትና "አጽጂልኝ" አልኳት። ከላይ ጥርት አድርጋ አጸዳች። ጣቶቼን ስከፍታቸው መሃሉ ሽሮ በሽሮ ነው። "ውይ!" አለች። ከዚያ ጣቶቼን መልሼ ገጠምኩ፣ ክር ሰጠኋት፣ ጎተተችው፣ ሽሮው ከክሩ ጋር ወጣ። ሌላ ንግግር አላስፈለገኝም። አማቴ ግን ሽሮ አባከናችሁ ብላ ተቆጥታናለች።


ሰላም ደብረ ብርሃን
ረቡዕ፣ ቀን 6፡10

እዚህ ሁለት ፋርማሲ ጠይቄ ፍሎስ አላገኘሁም። በስፌት ክር ቢደረግ ምን ችግር አለው? ስቴኪኒስ ለልጅ ይሆናል?


የልጆች ጥርስ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡40

ፍሎስ መጀመሪያ የሐር ክር ነበር፣ ስለዚህ ሐሳብሽ እንግዳ አይደለም። በ1819 አንድ የኒው ኦርሊንስ ጥርስ ሐኪም የሐር ክር ጥርስ መሃል አስገቡ ብሎ ጽፎ ነበር። የዛሬው ስፌት ክር ግን ቀጭንና ጠንካራ ነው፣ ልጅ ድንገት ስትወራጭ ድዱን ይቆርጠዋል። ከመሃል ተበጥሶ ጥርስ መሃል የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ለልጅ አልመክረውም። ሰው አዲስ አበባ ሲመጣ ላኪ፣ አንዱ ዕቃ ውስጥ ያለው ክር ብዙ ነው፣ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሰም የተቀባ የሚለውን ግዢ፣ በጠባብ መሃል ቶሎ ያልፋል። ክሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እየተተለተለ ካስቸገረሽ እዚያ ቀዳዳ ወይም ጠርዙ የሻከረ ሙሌት ሊኖር ይችላልና ለሐኪም ንገሪ።

ስቴኪኒ ለልጅ ተዪው። ጥርሶቹ ከተነካኩ መሃላቸው አያልፍም፣ ከሥር ያለውን ድድ ነው የሚወጋው።

በግል መልእክት ከብሩሽ በፊት ነው በኋላ ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ሁለቱም ይሆናል። እኔ በፊት ይሁን እላለሁ፤ መሃሉ ከጸዳ የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ እዚያ ይደርሳል፣ ደግሞ ልጁ ሲደክመው የሚዘለለው የመጨረሻው ነገር ነው። ሳሙናው ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በላይ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ማስታወቂያ ላይ እንደምታዩት ብሩሹን አትሙሉት። በቀን አንዴ ብቻ የምትችሉ ከሆነ ማታ ይሁን። ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፣ ጥርስ ጠባቂ ያጣል።


ዝምተኛዋ
ሐሙስ፣ ማታ 5፡05

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ዛሬ ልጻፍ።

ልጄ ኦቲዝም አለው፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አፉን ሰው እንዲነካው አይፈልግም። ለእኛ "መጀመሪያ ሳምንት የፊት ሁለቱን" የሚባለው እንኳን ሩቅ ነበር። ክሩን እጁ ላይ በማስነካት ጀመርን። ከዚያ ከንፈሩ ላይ። ከዚያ የፊት ጥርሱ ላይ አስነክቼ ማንሳት። ደረቅ ክር ስለሚጠላ ለብ ባለ ውኃ አርስቼ ነው የማደርግለት። ሁልጊዜ እስከ አምስት እቆጥራለሁ፣ አምስት ስል እጄ ይወጣል። ባይጨረስም ይወጣል። አንድ ቀን "ትንሽ ቀረኝ" ብዬ እስከ ስምንት ቆጠርኩ፣ የሦስት ሳምንት ልፋቴን አጠፋሁት። እንደገና ከእጁ ጀመርን።

መንጋጋው ጋ ለመድረስ አራት ወር ፈጀብን። አሁን በሁለት ምሽት አንዴ ይፈቅድልኛል። ለሌላው ትንሽ ሊመስል ይችላል።


ሐበሻዊት ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሐሙስ፣ ማታ 5፡30

ዝምተኛዋ፣ አራት ወር! እኔ አራት ቀን ታግሼ ነው እዚህ ምክር የምሰጠው። ጎበዝ ነሽ እናቴ። ያችን የቆጠራ ነገር ዛሬውኑ እጠቀምባታለሁ።


የወንጂ ልጅ
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡45

ዶክተር፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ የልጄ ቋሚ ጥርሶች ሲወጡ ጀምሮ ቡናማ ነጠብጣብ አላቸው። ትምህርት ቤት "ጥርሱን አይታጠብም" ይሉታል። በፍሎስ ይለቅ ይሆን?


የልጆች ጥርስ
ዓርብ፣ ማታ 1፡15

አይለቅም ወንድሜ፣ ግን ጥፋቱም የልጁ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንጂን ጨምሮ፣ የከርሰ ምድር ውኃው ብዙ ፍሎራይድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1.5 ሚሊግራም ጣሪያ አስቀምጧል፣ በብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋል። ፍሎራይድ በልኩ ጥርስ ይጠብቃል፣ ሲበዛ ግን ጥርሱን ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ይጎዳዋል፣ ቀለሙም የሚመጣው ከዚያ ነው፣ ስለዚህ የቱንም ያህል ቢቦረሽ አይሄድም። ለአስተማሪው ይሄን ንገርልኝ። ለታናናሾቹ ከተቻለ የሚጠጡትን ውኃ ምንጭ ቀይሩ፣ ሳሙና ሲጠቀሙም እንዳይውጡ ተከታተሉ። ፍሎሱ ግን ለእነሱም ያስፈልጋቸዋል።


የሳሪሷ እናት
እሑድ፣ ማታ 3፡00 (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ጠፋሁ አይደል? እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አላደረግኩላትም። ለራሴ ብቻ ነው ያደረግኩት፣ እሷ እያየችኝ። የኔ ድድ ከሷ ብሶ ደማ! "እማዬ አመመሽ?" አለችኝ። ትንሽ አልኳት። ውሸት አልፈለግኩም። አራተኛው ቀን ላይ እሷው መጥታ "ዛሬም ደማሽ?" ብላ አፌን ከፈተችው። በስምንተኛው ቀን አልደማሁም፣ ሄዳ ለአባቷ ነገረችው።

ከዚያ የሹሩባውን አቀማመጥ ሞከርን። እውነትም ሌላ ልጅ ሆነች። ብቻ አንገቷን ስለሚቆጠቁጣት ከሥር ፎጣ አጥፌ አደረግኩላት። መጀመሪያ የፊቱን፣ ከዚያ ዶክተር ያሉትን አራት ቦታዎች አንድ በአንድ ጨመርን። የቀኙ የታች መንጋጋ ጋ ስደርስ አሁንም እጄን ትይዘዋለች፣ የታመመችበት ነው። እዚያ ጋ እስከ አምስት እንቆጥራለን። ዝምተኛዋ፣ ምስጋናው ላንቺ ነው።

ተሳካ ብዬ እንዳላታልላችሁ፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ዘለናል። አንዱ ቀን ልደት ቤት አምሽተን ተኝታ ነው የገባችው፣ አንዱን ቀን ደክሞኝ እኔው ነኝ የተውኩት። በማግስቱ ኩርፊያም ቅጣትም ሳይኖር ቀጠልን። አንድ ሰሞን ኮከብ የሚለጠፍበት ወረቀት ጀምረን ነበር፣ ሁለት ቀን ሲቀር ኮከቡ ስላልሞላ አለቀሰች፣ ቀድጄ ጣልኩት። ለእኛ አልሆነም።

ሽሮውንም ሞክረናል። እኔ ጋ አማት የለችም፣ የተቆጣችው ሠራተኛችን ናት።

አባቷ እስካሁን አያደርግም። ግን ትናንት ማታ ቡና ላይ የነበርኩ ጊዜ ከሳሎን ድምፅ ሰማሁ። "አባዬ ቀና በል፣ ቀና በል አልኩህ" እያለች ነው። ሄጄ አላየሁም፣ ይቅር ብዬ።

ትናንት ጥርሷን አሳየኋት። ጅምር የነበሩት ሁለቱ አልባሱም። በስድስት ወር ተመለሱ ተባልን።


የልጆች ጥርስ
እሑድ፣ ማታ 3፡35

ሁለት ቀን መዝለልሽን አትቁጠሪው። እንደ ሥራ ነው፣ ሰኞ ቀርተሽ ማክሰኞ ትገቢያለሽ። ለጅምሮቹ ሁለቱ፣ ቀዳዳው ከልባሱ ካላለፈ ሳይሞላ ሊቆም ይችላል፣ ግን በምሽት የሚበላውንም ጠብቂ። ከብሩሽ በኋላ ከውኃ ሌላ ምንም አይግባ፣ ወተትም ቢሆን።


ጋሽ ወይራ
ሰኞ፣ ጠዋት 12፡50

እኔ ክርክር ትቼ ዝም ብዬ ስከታተል ነበር። የዶክተሩ የብስኩት ጥያቄ አላስተኛኝም። እኛ ስኳር የምናየው በዓል ሲመጣ ነበር። የልጅ ልጄ ደግሞ እኔ ቤት በመጣች ቁጥር ብስኩት የምገዛላት እኔው ነኝ።

እና ከሱቅ ፍሎስ ገዛሁ፣ መጀመሪያ በራሴ ልሞክረው ብዬ። ኋላ መንጋጋዬ ጋ አስገብቼ አወጣሁና ክሩን አሸተትኩት። ምን ላድርግ፣ ለጠላትም አይስጥ። 67 ዓመት ሙሉ እዚያ የተቀመጠ ነገር ነው። ደምቻለሁም። ለሚስቴ አልነገርኳትም።

መፋቂያዬን አልተውም፣ ይሄ ይታወቅልኝ። አሁን የምጠይቀው፣ ዶክተር ሰም የተቀባ ያሉትን በምን ነው የምለየው? የገዛሁት ዕቃ ላይ የተጻፈው በሙሉ በቻይንኛ ነው።